በሟች ዕዳ የተያዘ ስም፦ የነጋዴው አርቱር ራምቦ ሕይወት

አርቱር ራምቦ በዓለም ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሚታወቀው በወጣትነቱ በጻፋቸው ግጥሞች ነው። በኢትዮጵያ ያሳለፋቸው ዓመታት ግን የባለቅኔ ሳይሆኑ የነጋዴ ዓመታት ነበሩ። በሐረር ጀጎል ውስጥ ቡናና ቆዳ ያስመዘነ፣ ጠገራ ብርን በፍራንክ ያሰላ፣ በግመል ቅፍለት የአዳልን በረሃ ያቋረጠ ሰው ነበር። ስለ ግጥሙ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሒሳብ መዝገቡ ግን እምብዛም አይነገርም። ይሁንና በሒሳብ ሥራና በሒሳብ ምርመራ ለሚተዳደር ባለሙያ ትምህርት የሚሆነው ይኸኛው ሕይወቱ ነው። ስሙ በሌላ ሰው ዕዳ ተይዞ ነበርና፣ ያንን ስም ነጻ ለማውጣት የከፈለው ዋጋ ከሸቀጡ ዋጋ አላነሰም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራምቦ ጥቅምት 20 ቀን 1854 በሰሜን ፈረንሳይ በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። የጦር መኮንን የነበረው አባቱ ገና በልጅነቱ ቤተ ሰቡን ትቶ ስለሄደ፣ ያሳደገችው እናቱ ናት። እርሷም በቁጠባዋና በጥብቅነቷ የታወቀች ባለርስት ነበረች። ልጁ ሃያ ዓመት ከሆነው በኋላ ቅኔውን ጨርሶ ተወና አገር ላገር መዞር ጀመረ። በ1876 በኔዘርላንድ የቅኝ ግዛት ጦር ተመዝግቦ እስከ ጃቫ ደሴት ከደረሰ በኋላ ከሠራዊቱ ከድቶ ጠፋ። በገዛ አገሩም የወታደርነት ግዴታው ጉዳይ በወረቀት ተረጋግጦ በእጁ አልገባም ነበር። ስለዚህ በአንድ ሩቅ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ከስሙ ጎን ክፉ ምልክት ተጽፎ ይሆናል የሚለው ሥጋት እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። ከአፍሪካ ለእናቱ በላካቸው ደብዳቤዎች ይህን ጉዳይ ደጋግሞ ያነሣ ነበር።

በ1880 ኤደን ወደብ ደርሶ በአልፍሬድ ባርዴ የንግድ ቤት ተቀጠረ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የድርጅቱ ወኪል ሆኖ ሐረር ገባ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። ሥራው ቡና፣ ቆዳ፣ ሙጫና የዝሆን ጥርስ ገዝቶ ወደ ባሕር መላክ ነበር። ደመወዙን እያጠራቀመ፣ የደከመ ጉልበቱን የሚያሳርፍበት ጥቂት ጥሪት ለማግኘት ይመኝ ነበር። ይህም ምኞት በ1885 ወደ አንድ ትልቅ ውል መራው።

በዚያ ዓመት በሸዋ ለብዙ ጊዜ የኖረ ፒየር ላባቱ የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ፣ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ 2,000 ያህል ጠመንጃ ከነጥይቱ ለማስገባት ሸሪክ ይፈልግ ነበር። ራምቦ ከባርዴ ቤት ወጥቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ በዚህ ንግድ ላይ አዋለ። ይሁን እንጂ ዕቃው ታጁራ ላይ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ። ግመል ጠፋ፤ የፈረንሳይ መንግሥትም የመሣሪያ ዝውውርን ከልክሎ ጥቂት ቆይቶ ፈቀደ። በዚህ መካከል ላባቱ በካንሰር ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰና ሞተ። ቅፍለቱን አብሮት ሊመራ ያሰበው ሌላው ፈረንሳዊ ፖል ሶሌዬም በመስከረም 1886 ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ አንድ ዓመት ያህል በወደቡ ከተጉላላ በኋላ፣ የሟቹን ድርሻና የሟቹን ዕዳ ሳይለይ ተሸክሞ ብቻውን ጉዞ ጀመረ።

አራት ወር ያህል ተጉዞ የካቲት 6 ቀን 1887 አንኮበር ሲደርስ የጠበቀው የገዢ ደስታ አልነበረም። ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ገና አልተመለሱም። ቅፍለቱ መድረሱ በተሰማ ጊዜ ግን የላባቱ ባለዕዳዎች ነን የሚሉ ሁሉ ተሰበሰቡ። አንዱ የሠራበትን ደመወዝ፣ ሌላው ያበደረውን ብር፣ ሌላው ያስረከበውን ከብት ጠየቀ። የላባቱ ባልቴትም ከዳኛ ፊት አቆመችው። ከጠያቂዎቹ መካከል እውነተኛ የነበሩ እንዳሉ ሁሉ፣ ሙት አይናገርምና ይህን ተማምነው የመጡም ነበሩ። ራምቦ ይህን ከዚያ የሚለይበት የታመነ መዝገብ በእጁ አልነበረም።

ከዚህም የከፋውን ጥፋት የሠራው ራሱ ነው። ላባቱ ትቷቸው የሄዱትን ሠላሳ አራት ደብተሮች የሰውየው የሕይወት ማስታወሻ ብቻ መስለውት በእሳት አቃጠላቸው። ከወረቀቶቹ መካከል የንብረት ማረጋገጫ እንደነበረበት የተረዳው ግን ኋላ ነው። ያን ጊዜ የትኛው ዕዳ እንደተከፈለና የትኛው እንደቀረ የሚመሰክር ጽሑፍ አመድ ሆኖ ነበር። ሰነድ ያጠፋ ሰው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጽሕናውን የሚያስረዳበት እንደሌለው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ንጉሡ ወደ እንጦጦ በተመለሱ ጊዜ ዕቃውን በጅምላ በ14,000 ጠገራ ብር ዋጋ ተቀበሉ። ከዚህ ላይ 2,500 ለግመል ኪራይና ለቅፍለቱ ወጪ፣ 3,000 ደግሞ ላባቱ ለቤተ መንግሥት አለበት ለተባለው ዕዳ ተቀነሰ። ራምቦ በበኩሉ የሰማው የተቃራኒውን ነበር፤ ይኸውም ላባቱ ከንጉሡ የሚቀበለው እንጂ የሚሰጠው እንዳልነበረ ነው። ነገር ግን የሚያቀርበው ደረሰኝ አልነበረውም። ወደ 9,000 ብር የሚጠጋው ቀሪ ሒሳብም በእጁ አልተቆጠረለትም፤ ሐረርን ከሚገዙት፣ በኋላ ራስ ከተባሉት ከደጃዝማች መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ተሰጠው።

ከእንጦጦ ወደ ሐረር ሲመለስ የመንገድ ጓደኛው ዡል ቦረሊ የተባለ ፈረንሳዊ አሳሽ ነበር። ቦረሊ ከዚያ ጉዞ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሮ የኦሞን ወንዝ ፍለጋ ገባ። በዚያን ዘመን ኦሞ ወዴት እንደሚፈስ በጂኦግራፊ ሊቃውንት ዘንድ ክርክር ነበር፤ አንዱ ከዓባይ ወገን ነው ሲል ሌላው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይሰደው ነበር። ቦረሊ ከአገሬው ሰው ጠይቆ ወደ ደቡብ ሐይቅ እንደሚገባ ተረዳ። በ1888 ቴሌኪና ፎን ሄነል ዛሬ ቱርካና ከሚባለው ሐይቅ ደረሱ፤ በ1896 ደግሞ የቦቴጎ ጓድ ወንዙን ተከትሎ ወርዶ ከዚያው ሐይቅ መግባቱን አረጋገጠ። ዛሬ ደቡብ ኦሞ የምንለውን ምድር የሚያቋርጠው ወንዝ ሰው በቦታው ቆሞ እስኪያይ ድረስ ያልሄደበትን መንገድ እንደሄደ ሲጻፍበት ኖረ። የመንገድ ጓደኛው የራምቦ ስምም ዕጣው ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ ወንዝ በሐሰት ቢጻፍበት የማይጎዳ መሆኑ ነው።

ደጃዝማች መኮንን በግምጃ ቤታቸው በቂ ጥሬ ገንዘብ ስላልነበራቸው፣ አብዛኛውን ምጽዋ ላይ በሚመነዘር ሐዋላ ከፈሉት። ራምቦ ሐዋላውን ይዞ በነሐሴ 1887 ምጽዋ ሲደርስ የይለፍ ወረቀት ስላልነበረው ተያዘ። በስፍራው የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ብዙ ገንዘብ የያዘ፣ ሰነድ የሌለው፣ መልኩ የጠቆረ መንገደኛ ቢያይ በጥርጣሬ ተመልክቶ ማንነቱን እንዲያስታውቀው ወደ ኤደን ጻፈ። መልሱ ከኤደን መጥቶ ራምቦ ተለቀቀ። በእውነት የራሱ የሆነውን ገንዘብ ሰርቆት እንደሆነ የተጠየቀ ያህል ነበር።

ከምጽዋ ወደ ካይሮ ተሻገረ። 16,000 ፍራንክ የሚያወጣ ወርቅ በወገቡ ታጥቆ ስለነበር ክብደቱ ስምንት ኪሎ ያህል ሆኖ ጤናውን ነሳው፤ ገንዘቡንም በክሬዲ ሊዮኔ ባንክ አስቀመጠ። ይሁንና የላባቱ ዕዳ እስከዚያ ድረስ ተከተለው። ኤደን ላይ የነበረ አንድ ፈረንሳዊ ገንዘብ ጠያቂ ለቆንስሉ ለጋስፓሪ አቤት ብሎ ስለነበር፣ ራምቦ በኅዳር 1887 የቅፍለቱን ሒሳብ ከመነሻው እስከ መድረሻው ዘርዝሮ አቀረበ። የገባውን፣ የወጣውን፣ የተቀነሰበትንና ለማን ምን እንደከፈለ ጻፈ፤ በደረሰኝ ያስረዳውንም በደረሰኝ አስረዳ። ገንዘብ ጠያቂውም ተከፍሎት ጉዳዩ ተዘጋ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የሚነበበው ከጠፋው ትርፍ ይልቅ አጭበርባሪ ተብሎ መጠራትን የሚፈራ ሰው ጭንቀት ነው። ራምቦ በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ በነጋዴነት ለመኖር ያሰበ ሰው ነበርና፣ በኤደን ቆንስል ፊት ስሙ ከጠፋ ዱቤ የሚሰጠው አንድ ቤት አያገኝም ነበር።

ያ ድካም በከንቱ አልቀረም። በ1888 የኤደኑ ነጋዴ ሴዛር ቲያን ወኪል አድርጎ ስለ ተቀበለው በሐረር የራሱን ቤት ከፈተ። የንጉሥ ምኒልክ አማካሪ ከነበረው ከስዊሱ መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋርም ለዓመታት ሸቀጥና ሒሳብ ተለዋወጠ። በአንድ ጊዜ ትልቅ ሀብት የማግኘት ሕልሙ ባይሳካም፣ በየወሩ የሚዘጋ መዝገብ ነበረው።

በ1891 መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ተሳነው። በሚያዝያ ወር በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዘይላ አወረዱት፤ ከዚያም ማርሴይ ደርሶ በግንቦት 27 ቀን እግሩ ተቆረጠ። በሕመሙ መካከል እንኳ ያስጨነቀው ያ የወታደርነት መዝገብ ነበር። በአንድ እግሩ ቆሞ ሳለ ከዳተኛ ተብዬ እታሰራለሁ ብሎ ይፈራ ነበርና፣ እኅቱ ኢዛቤል ጉዳዩን አጣርታ ስሙ በሕግ ፊት ነጻ መሆኑን አስታወቀችው። ብዙ ዓመት ያስፈራው ምልክት በመዝገቡ ላይ አልነበረም። ለመጨረሻ ጊዜ ያስጻፈው ደብዳቤ የዝሆን ጥርስ ቆጠራ ያለበት ሲሆን፣ በማግስቱ ኅዳር 10 ቀን 1891 በሠላሳ ሰባት ዓመቱ አረፈ። ለሐረሩ አገልጋዩ ለጃሚ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጥለት አደራ ብሎ ነበር።

ሞቱም ስሙን አላሳረፈውም። በ1937 አየርላንዳዊት መምህርት የነበረችው ኢኒድ ስታርኪ ባሳተመችው መጽሐፍ ራምቦን በባሪያ ንግድ ወነጀለችው። ክሱ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖረ። በ1962 ጣሊያናዊው ሊቅ ማሪዮ ማቱቺ ሰነዶቹን እንደገና ፈትሾ፣ ለክሱ መሠረት የሆነው የእንግሊዝ መንግሥት ወረቀት በተሳሳተ መንገድ መነበቡን አሳየ። እውነቱን ለመናገር ራምቦ በአንድ ወቅት ለራሱ አገልግሎት የሚሆኑ ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲገዛለት ኢልግን ጠይቆ ነበር፤ ኢልግም እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም፣ አላደርግምም ብሎ ከልክሎታል። ይህ ጥያቄ በራሱ የሚያስወቅስ ነው፤ የባሪያ ነጋዴ ነበር ለማለት ግን ማስረጃ አይሆንም። ጥንቁቅ መርማሪ ሁለቱን አያቀላቅልም።

ዛሬ በጂንካ ከተማ ማር ወይም ቡና የሚነግድ ሰው ብድር ሲጠይቅ፣ ባንኩ ስለ ቀድሞ ብድሩ በብሔራዊ ባንክ በኩል ከተሰባሰበው የብድር መረጃ ላይ ይመለከታል። በዚያ ላይ የሰፈረ አንድ ምልክት፣ የጠፋ ሸሪክ ዕዳም ሆነ የጸሐፊ ስሕተት፣ የሰውየውን ሱቅ ለመዝጋት ይበቃል። ራምቦ ቆንስሉ ጽፎ የሚያነብለት፣ መልስም የሚሰጠው ሰው ስለነበር ዳነ። ከዚህ የምንረዳው የሙያው ግዴታ ሁለት ፊት ያለው መሆኑን ነው። ነጋዴው ደረሰኙን እንዳያቃጥል፣ ሽርክናውም ከሸሪኩ ዕዳ የተለየ መዝገብ እንዲኖረው መምከር አንዱ ነው። ሁለተኛውና የሚከብደው ግን በሰው ስም ላይ ብዕር ከማሳረፍ በፊት ምንጩን መመርመር፣ ካሳረፉም በኋላ የተጻፈበት ሰው የሚመልስበትን በር ክፍት መተው ነው። የተሳሳተ አኃዝ በማግስቱ ይታረማል፤ በስም ላይ የተጻፈ ስሕተት ግን ራምቦን ከሞተ ከሰባ ዓመት በኋላ እንኳ ጠበቃ አስፈልጎታል።