ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ እና የቀይ አፈር ዝሆኔ

ቦንጋና ዋጫ የሚገኙበት የካፋ ከፍተኛ ምድር ዝናቡ የበዛ፣ አፈሩም ቀይ ሸክላማ ነው። እንዲህ ባለ ምድር በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ ለእግር ዝሆኔ የሚጋለጥበትን ምክንያት በሰፊው ያጠኑት እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ነበሩ።

ፕራይስ በቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ ሲሆን፣ አስቀድመው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የእግር ቁስል አጥንተዋል። ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ በኋላ ትኩረታቸውን የሳበው ዝሆኔ ነበር። በሽታው ትንኝ በምታስተላልፈው የፊላሪያ ትል ይመጣል ቢባልም፣ በደጋው ሕሙማን ዘንድ ትሉ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ፕራይስ መልሱን ከብሽሽት በሚወሰዱ የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ፈለጉ። በዕጢዎቹ ውስጥ ስላለው ማዕድን የተደረገው ትንተና እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ።

የዚህ ዓይነቱ ትንሽ ናሙና አያያዝ ብርቱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ናሙናው ከፎርማሊን ወደ አልኮል፣ ከዚያም ወደ ዛይሊንና ወደ ፓራፊን ሲሸጋገር ከመጠን ያለፈ ጊዜ ከቆየ ይደርቃል፤ ሲቆረጥም ይሰነጠቃል። የተለመደው የሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ቀለም የአፈር ብናኝን አያቀልምም፤ ብርሃን የሚሰብሩ ብናኞች ግን በፖላራይዝድ ብርሃን ያበራሉ። ከውኃ ወይም ከአየር በስላይዱ ላይ ያረፈ አቧራም እንዲሁ ሊያበራ ስለሚችል፣ ብናኙ በሕዋሱ ውስጥ መሆኑን ማረጋገጥና ማነጻጸሪያ ናሙና መያዝ ግድ ይላል።

የፕራይስ ሥራ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከሄንደርሰን ጋር ባሳተሙት ጥናት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን የሊምፍ ሕብረ ሕዋስ ሲመረምሩ፣ አሉሚኒየምና ሲሊከን በሕሙማኑ ብቻ ሳይሆን በጤነኞቹም ዘንድ ተገኙ። የሕሙማን ናሙና ብቻ ቢታይ ኖሮ አፈሩ ብቻውን በሽታውን ያመጣል የሚል የችኮላ ድምዳሜ ይሰጥ ነበር። ንጽጽሩ ግን አፈሩ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አመለከተ። በሽታው በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ የሚደጋገም መሆኑም በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት መኖሩን ይጠቁማል።

ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1988 በሽታውን ከግሪክኛ እግርና አቧራ ከሚሉት ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰየሙት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች ተራ መደበው። ምክንያቱ አፈር ነው ከተባለ መከላከያውም ለካፋ ገበሬ ቅርብ ነው፦ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውኃና በሳሙና አዘውትሮ መታጠብ።