የእንፋሎትን ቁጣ የገታው ዴኒ ፓፔን

በትልልቅ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች ምድር ቤት የተተከለውን የጋዝ ቦይለር ያየ ሰው፥ ከራሱ ላይ አንዲት ትንሽ የነሐስ ቫልቭ፥ ከክፍሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ መዝጊያ የሌለው የአየር መግቢያ ያገኛል። ብዙው ሰው ሁለቱንም ሳያስተውል ያልፋል። እኛ ግን ዛሬ በነዚህ በሁለቱ ነገሮች፥ ማለት በታፈነ ግፊትና በነፋስ መንገድ፥ ሲመራመር ዕድሜውን ስለ ፈጀው ስለ ፈረንሳዊው ሊቅ ስለ ዴኒ ፓፔን ለአንባቢዎቻችን ልንተርክ አስበናል። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፓፔን በ1647 ዓ.ም. ብሏ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ከፕሮቴስታንት ቤተ ሰብ ተወለደ። በአንዤ ከተማ ሕክምና ተምሮ በ1669 ተመረቀ። ሆኖም ልቡ ከበሽተኛው ይልቅ ወደ መሣሪያው ያዘነብል ስለ ነበር ወደ ፓሪስ ሄዶ የታላቁ የሆላንድ ሊቅ የሃይገንስ ረዳት ሆነ፤ ከጀርመናዊው ከላይብኒዝ ጋርም እዚያው ተዋወቀ። በ1675 ወደ ሎንዶን ተሻግሮ ከሮበርት ቦይል ዘንድ ስለ አየር ጠባይ ሲመራመር ቆየ።

በ1679 ስሙን ያስጠራው ድስት ተሠራ። ይህ ድስት ከወፍራም ብረት የተበጀ፥ ክዳኑ በብሎን ተጠብቆ የሚታሰር ነበር። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል፤ በዚህ ምክንያት ጠንካራው አጥንት እንኳ በጥቂት ጊዜ ይለሰልሳል። ውሃ በ92 ዲግሪ ግድም በሚፈላበት በአዲስ አበባ ከፍታ ባቄላ የቀቀለ ሁሉ የዚህን ነገር ጥቅም ሳይነገረው ያውቀዋል። ፓፔን የድስቱን ሙቀት ለማወቅ የውሃ ጠብታ በክዳኑ ላይ ያኖርና እስኪደርቅ ድረስ የፔንዱለሙን ውዝዋዜ ይቆጥር ነበር። በ1682 የሎንዶን ሮያል ሶሳይቲ አባሎች በዚሁ ድስት የተሰናዳ እራት በሉ።

ነገር ግን ለእኛ ከእራቱ ይልቅ ክዳኑ ይበልጥብናል። የታፈነው እንፋሎት ድስቱን እንዳይሰነጥቀው፥ ፓፔን በክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፈተና መድፈኛ አደረገበት፤ መድፈኛውንም እንደ ሚዛን በተዘረጋ ዘንግና በተንጠለጠለ ክብደት ተጫነው። ግፊቱ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ መድፈኛው በራሱ ይነሣል፤ እንፋሎቱ ወጥቶ ግፊቱ ሲበርድም ተመልሶ ይቀመጣል። ዛሬ ሴፍቲ ቫልቭ የምንለው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አሁን በክብደቱ ፈንታ ብዙውን ጊዜ ሞላ መተካቱ ብቻ ነው።

በዘመናችን ሕንጻ ውስጥ የሚዞረው ሙቅ ውሃም ቢሆን የታፈነ ስለ ሆነ ያው ጠባይ አለበት። ከ10 ዲግሪ ወደ 80 ዲግሪ የሚሞቅ 1000 ሊትር ውሃ 30 ሊትር ያህል ይጨምራል። ይህን ትርፍ የሚቀበል፥ በውስጡ የጎማ ሽፋንና የታመቀ አየር ያለበት ታንክ ከቧንቧው ጋር ይገጠማል። ታንኩ ከተበላሸ ወይም ካነሰ ግፊቱ ይወጣል፤ የመጨረሻዋ ጠባቂ ያች ቫልቭ ናት። ውሃ አንጠባጠበች ብሎ በመሰኪያ የሚደፍናት ሠራተኛ የቁጠባ ሥራ የሠራ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ፓፔን ከ300 ዓመታት በፊት የከፈተውን ቀዳዳ መልሶ መድፈን ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1685 የፈረንሳይ ንጉሥ ለፕሮቴስታንቶች የተሰጠውን የሃይማኖት ነጻነት ሲሽር፥ ፓፔን ወደ ትውልድ አገሩ የሚመለስበት መንገድ ተዘጋበት። የሄሴ ካስል ገዥ የሆነው መስፍን ካርል ጠርቶት በማርቡርግ የሒሳብ መምህር ሆነ። ደመወዙ ጥቂት፥ ቤተ ሰቡ ብዙ ነበር። ቢሆንም በ1690 በሲሊንደር ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን በእንፋሎት ኃይል እንደሚነሣ፥ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝም በአየር ክብደት ተገፍቶ እንደሚወርድ ጽፎ አሳተመ። የእንፋሎት ሞተር ሐሳብ ከዚህ የጠራ መልክ ይዞ ከዚያ በፊት አልታየም።

በዚሁ አገር ሳለ በክብ ሣጥን ውስጥ የሚሽከረከር ክንፍ ያለው መሣሪያ ሠርቶ የሄሴ ወናፍ ብሎ ሰየመው። መጀመሪያ ውሃ መሳቢያ ነበር፤ በኋላ ግን በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ንጹሕ አየር ለማስገባት አዋለው። የዛሬው የቦይለር ክፍል ቬንትሌተር የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። 1 ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ በሚገባ እንዲነድ 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ካነሰ ጋዙ አጥርቶ አይነድምና ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ይወጣል፤ ሰውም ሳያውቀው ያልቃል። ስለዚህ ንጹሕ አየር በግድግዳው በታችኛው ቀዳዳ ይገባል፥ የሞቀው በላይኛው ይወጣል። አየሩ የሚገባው በሞተር ከሆነ፥ ሞተሩ ሲቆም ጋዙም ወዲያው በራሱ እንዲዘጋ ተደርጎ ይሠራል። ብርድ ገባ ተብሎ ቀዳዳው በካርቶን ተሸፍኖ ካያችሁ ፈጥናችሁ አንሡት።

በ1707 ፓፔን በቀዘፋ መንኮራኩር የምትሄድ ጀልባ ሠርቶ ከነቤተ ሰቡ በፉልዳ ወንዝ ላይ ወደ እንግሊዝ አገር ጉዞ ጀመረ። ብዙ መጻሕፍት ጀልባይቱ በእንፋሎት ትሄድ ነበር ይላሉ፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ መንኮራኩሩ የሚዞረው በሰው ጉልበት ነበር። ሙንደን ከተባለችው ከተማ ሲደርስ የወንዙ ጀልበኞች ማኅበር እንጀራችንን ሊያሳጣን ነው ብለው ጀልባዋን ሰባበሩበት።

በሎንዶን የቀድሞ ወዳጆቹ ብዙዎቹ ሞተዋል። የሮያል ሶሳይቲው ፕሬዚዳንት ኢሳክ ኒውተን ነበር። ፓፔን የእሱ መሣሪያ ከእንግሊዛዊው ከሴቨሪ መሣሪያ ጋር ተወዳድሮ እንዲፈተን፥ ለሥራውም ገንዘብ እንዲሰጠው ደጋግሞ ለመነ፤ ነገር ግን የሰጠው የለም። በ1712 ቶማስ ኒውኮመን የሚባል ብረታ ብረት ነጋዴ በደድሊ አጠገብ በፒስተንና በእንፋሎት የሚሠራ ትልቅ የውሃ መሳቢያ ሞተር አቆመ። ፓፔን በዚያን ጊዜ በድህነት ላይ ነበር።

መቼ እንደ ሞተ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ፤ አንዳንዱ መጽሐፍ 1712፥ ሌላው 1714 ይል ነበር። በኋላ ግን በሎንዶን የቅድስት ብራይድ ቤተ ክርስቲያን የቀብር መዝገብ ተገልጦ ሲታይ፥ 66 ዓመት በሞላው በአራተኛው ቀን፥ ኦገስት 26 ቀን 1713 ዓ.ም. የተቀበረ ሆኖ ተገኘ።