ኤድዋርድ ሩፔልና ጉድጓድ ነዋሪው የቀይ ባሕር ዓሣ

ከጂዛንና ከፈረሳን ደሴቶች ዳርቻ አንሥቶ ማዶ እስከ ምፅዋ በተዘረጋው ቀይ ባሕር፣ ጥልቀት በሌለው አሸዋማ ስፍራ፣ ጎቢ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች በጉድጓድ ይኖራሉ። ከእነርሱ አንዱን፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1830 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው።

ሩፔል በ1794 በፍራንክፈርት ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ለንግድ ታስቦ ነበር፤ ይሁንና በ1817 ግብፅንና ሲናን ካየ በኋላ ልቡ ወደ ተፈጥሮ ጥናት አዘነበለ። በኢጣሊያ ተምሮ በ1822 ተመለሰ፤ እስከ 1827 ድረስም በኑቢያ፣ በኮርዶፋንና በቀይ ባሕር ዳርቻዎች ተዘዋወረ። የባሕሩን ዓሦች በሥዕል ያቀረበው መጽሐፉ የዚህ ጉዞ ፍሬ ነው።

በቀጣዩ ጉዞ በምፅዋ በኩል ወደ ሐበሻ ምድር ዘልቆ የሰሜንን ተራሮች፣ ጎንደርንና የጣናን አካባቢ ጎበኘ። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ መጠሪያቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው፤ በርካታ የጣና ዓሦችም እንዲሁ። በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በ1884፣ በ90 ዓመቱ፣ በተወለደበት ከተማ አረፈ።

የዘመኑ ሊቃውንት በአብዛኛው የሚመረምሩት የሞተ ናሙና ነበር። ናሙና ደግሞ የዓሣውን መልክ እንጂ የቤቱን ኑሮ አያሳይም። በቀይ ባሕር የዚህ ዓይነቱ ጎቢ ከአንድ ሽሪምፕ፣ በጂዛን ገበያ ሩብያን ከሚባለው ወገን፣ ጋር እንደሚኖር ሉተር የተባለ ተመራማሪ በጥናት ያቀረበው በ1958 ነው። ሽሪምፑ ጉድጓዱን ይቆፍራል፤ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ በአንቴናው ዓሣውን እየነካ ይወጣል። ዓሣው ይጠብቃል፤ አደጋ ሲያይ በጅራቱ ያስጠነቅቀዋል፤ ሁለቱም ይገባሉ። አላህ በሁለት ፍጡራን መካከል ያኖረው መተጋገዝ ይህን ያህል ነው።

እንቁላሉም የሚጣለው እዚያው ከመሬት በታች ነው፤ ወንዱ ይጠብቀዋል። በመስታወት ገንዳ ለማራባት የሚሞክሩ ሰዎች የሚቸገሩት በዚህ ነው፤ ጉድጓዱን ቢከፍቱት ይፈርሳል፣ ቢተዉት እንቁላሉን አያዩትም። ስለዚህ አንዳንዶች በአሸዋው ውስጥ ቧንቧ ይቀብራሉ፤ ጥንዶቹ ቧንቧውን ቤታቸው ካደረጉት እንቁላሉን ከነቧንቧው ማንሣት ይቻላል። የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግን እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ከዓይን የተሰወረ ሕያው ምግብ ካልቀረበላቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃሉ።