ከኪሳራቸው ያልሸሹ መምህር

ባለፈው ዓመት የክፍላችን የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። በእኔ ምክር ከተጠራቀመው 2,400 ብር ሁሉ ደብተር ገዛን። ነገር ግን የገዛነው ተማሪው ሁሉ ደብተሩን ገዝቶ ካበቃ በኋላ ነበርና በርካሽ ሸጠን 1,300 ብር ከሰርን። እኔም ከኀፍረት የተነሣ ማኅበሩን ልተው ስል አንድ መምህራችን የቤንጃሚን ግራሃምን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ መከሩኝ። ያነበብሁትን ባጭሩ እነሆ።

ቤንጃሚን ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1894 በሎንዶን ከተማ ተወለዱ። የአንድ ዓመት ሕፃን ሳሉ ቤተ ሰባቸው ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። አባታቸው በልጅነታቸው ሞቱባቸው። እናታቸውም ገንዘባቸውን በ1907 በደረሰው የገበያ ድንጋጤ አጡ። ልጁ ግን ድኽነት ሳይበግራቸው ተምረው በ1914 ከኮሎምቢያ ኮሌጅ በ20 ዓመታቸው ተመረቁ። ኮሌጁ በመምህርነት እንዲቀሩ ቢጠይቃቸውም ወደ ዎል ስትሪት ሄደው ከዝቅተኛ ሥራ ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አክሲዮን የሚገዛው በወሬ ነበር። እርሳቸው ግን መዝገብ ይመረምሩ ነበር። በ1926 አንድ የነዳጅ ቧንቧ ኩባንያ አክሲዮኑ በ65 ዶላር ሲሸጥ፥ ለያንዳንዱ አክሲዮን 95 ዶላር ያህል የሚያወጣ ሀብት እንዳለው ከመንግሥት መዝገብ ውስጥ አገኙ። ሌላው ሰው መዝገቡን ገልጦ አላየውም ነበር።

በ1928 በኮሎምቢያ ማስተማር ጀመሩ። በተከታዩ ዓመት ግን ገበያው ወደቀ። የሚያስተዳድሩት ገንዘብ እስከ 1932 ድረስ ከመቶ 70 ያህሉ ጠፋ። እርሳቸውና ባልንጀራቸው ጄሮም ኒውማን ግን ደንበኞቻቸውን ጥለው አልሸሹም፤ ኪሳራው እስኪመለስ ድረስ ለዓመታት ያለ ክፍያ ሠሩ። ከዚያ መከራ የተማሩትንም ከዴቪድ ዶድ ጋር በ1934 ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ጻፉት። በ1949 ደግሞ ለተራው ሰው የሚሆን ሌላ መጽሐፍ አወጡ። ዋናው ትምህርታቸው ይህ ነው፤ ሰው ሊሳሳት ይችላልና ለስሕተቱ የሚሆን ቦታ ትቶ ከእውነተኛው ዋጋ እጅግ ባነሰ ይግዛ።

ይህን ሁለተኛ መጽሐፍ ዋረን ባፌት የተባለ ወጣት በ19 ዓመቱ አነበበ፤ ወደ ኮሎምቢያም ሄዶ ተማሪያቸው ሆነ። ከትምህርቱ በኋላ ያለ ደመወዝ ላገልግል ቢላቸው እንቢ አሉት። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ቆየ፤ በ1954 ቀጠሩት። ኋላም ከዓለም ባለጠጎች አንዱ ሆነ። ግራሃም የአክሲዮን መርማሪዎች እንደ ሌላው ባለ ሙያ ተፈትነው እንዲመሰከርላቸው አስቀድመው ይመክሩ ነበር፤ የመጀመሪያው ፈተና በ1963 ተሰጠ። እርሳቸውም በ1976 በፈረንሳይ አገር በ82 ዓመታቸው ዐረፉ።

ታሪኩን ስጨርስ የእኔ ጥፋት መክሰር ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ያለ ምርመራ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ማዋሌ፥ ከዚያም ለመሸሽ ማሰቤ ነበር። ስለዚህ የሂሳብ መዝገቡን ይዤ በማኅበርተኞቼ ፊት ቆምሁ። አንዳንዶቹ ተቈጡኝ፤ ቍጣቸውም ተገቢ ነበር። በዕረፍት ቀን እየሠራሁ ከኪሳራው 800 ብር መልሻለሁ፤ 500 ብር ይቀረኛል። መምህራችንም በየወሩ መዝገባችንን ይመረምሩልናል።

በአገራችን የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ነገ በዚያ የሰው ገንዘብ የሚያዝዙት ዛሬ በየክፍሉ የተቀመጡ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ በትንሽ ገንዘብ ስንሳሳት ከአጠገባችን ቁማችሁ ምከሩን። ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛም የጠየቀን ሁሉ መዝገባችንን ገልጠን ለማሳየት አንፈር።