የግራ እጅና የባከኑ ዓመታት፦ የካሮይ ታካች የውድድር ሕይወት

ሃንጋሪያዊው የሽጉጥ ተኳሽ ካሮይ ታካች በስፖርት ታሪክ ጽሑፎች ዘወትር የሚወሳው በአንድ ክስተት ነው፤ ቀኝ እጁ በቦምብ ፍንዳታ ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ በግራ እጁ ተኩሶ የኦሊምፒክ ወርቅ ማግኘቱ። ታሪኩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ተጨምቆ ሲቀርብ የሕይወቱን የጊዜ ቅደም ተከተል ያደበዝዛል። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ከታካች የውድድር ዘመን የበለጠውን ክፍል የወሰዱት የማዕረግ ደንብና ጦርነት እንጂ ፍንዳታው አለመሆኑ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታካች በ1910 በቡዳፔስት ተወለደ። ወደ ሃንጋሪ ጦር ገብቶ እያገለገለ እስከ 1936 ድረስ በዓለም ደረጃ ከሚጠቀሱ የሽጉጥ ተኳሾች አንዱ ለመሆን በቃ። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት በበርሊን በተካሄደው ኦሊምፒክ አልተሰለፈም። ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ በወቅቱ ከሃንጋሪ ጦር ለኦሊምፒክ መቅረብ የሚችሉት ደግሞ መኮንኖች ብቻ ነበሩ። የ26 ዓመቱ ወታደር በችሎታ ሳይሆን በትከሻው ላይ ባለው ምልክት ተለክቶ ቀረ ማለት ነው። ክልከላው ከበርሊን በኋላ ሲነሣ ታካች ለ1940 ውድድር ተስፋ ማድረግ ቻለ።

በ1938 በወታደራዊ ልምምድ ላይ ሳለ ብልሽት የነበረበት የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁ ላይ ፈነዳ። አንድ ወር ያህል ሆስፒታል ከቆየ በኋላ ለሌሎች ሳያሳውቅ በግራ እጁ መለማመድ ጀመረ። የለውጡን ክብደት ለመረዳት የውድድሩን ባሕርይ ማጤን ይገባል። በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ ተወዳዳሪው በ25 ሜትር ርቀት ላይ የሚገለጡ አምስት ዒላማዎችን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በየተራ መምታት አለበት። ክንዱ ሳይናወጥ ከዒላማ ወደ ዒላማ መሻገር፣ ጣቱም የሽጉጡን አፈሙዝ ሳያዛባ ቃታውን መሳብ ይጠበቅበታል። የዓይን ልምድና የጊዜ ስሌት ከእጅ ጋር አብረው አይጠፉም፤ ጣት፣ አንጓና ትከሻ ግን ሥራቸውን እንደ አዲስ መማር ግድ ይሆንባቸዋል።

የሚያስገርመው ትምህርቱ የወሰደው ጊዜ ማጠሩ ነው። በ1939 ጸደይ የሃንጋሪ የሽጉጥ ተኩስ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት በዓለም ሻምፒዮና በፈጣን ተኩስ ያሸነፈው የሃንጋሪ ቡድን አባል ነበር። በዚህ ስሌት ጉዳቱ ከውድድር ያራቀው አንድ ዓመት ላልሞላ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የ1940ም የ1944ም ኦሊምፒኮች በጦርነቱ ምክንያት ተሰረዙ። ሰውየው ዝግጁ ነበር፤ የሚወዳደርበት መድረክ ግን አልነበረም። ተራኪዎች ከ1938 በቀጥታ ወደ 1948 ሲዘሉ እነዚህን ዓመታት የማገገሚያ ጊዜ ያስመስሏቸዋል፤ ይህ ስሕተት ይመስለኛል።

በ1948 ለንደን ሲደርስ 38 ዓመቱ ነበር። ለድል ከታጩት አንዱ የአርጀንቲናው ካርሎስ ኤንሪኬ ዲያስ ሳኤንስ ቫሊየንቴ ነበር። ዲያስ ለምን እንደመጣ ሲጠይቀው ታካች ለመማር መምጣቱን እንደመለሰለት፣ በኋላም በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ዲያስ በበቂ ሁኔታ መማሩን እንደመሰከረለት በሰፊው ይነገራል። ታካች በ580 ነጥብ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ወርቁን ወሰደ፤ ዲያስ በ571 ነጥብ ሁለተኛ ሆነ።

በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በ579 ነጥብ ድሉን ደገመ። በአንድ ነጥብ ብቻ ተበልጦ ብር ያገኘው የ17 ዓመቱ የአገሩ ልጅ ሲላርድ ኩን፣ ታካች ራሱ ያሠለጠነው ተኳሽ ነበር። በ42 ዓመቱ ከገዛ ተማሪው ጋር የተፎካከረው ታካች ከእርሱ በፊት በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ ማንም ያላደረገውን አደረገ፤ የኦሊምፒክ ድሉን ሳያስነጥቅ ቆየ። በ1956 በሜልቦርን ስምንተኛ ወጣ። በ1936 በማዕረጉ ምክንያት ከኦሊምፒክ የቀረው ወታደር ከጦሩ በጡረታ የተሰናበተው በሌተና ኮሎኔልነት ሲሆን፣ በ1976 በቡዳፔስት ዐረፈ።