ጊልበርት ኒውተን ሉዊስና የኤሌክትሮን ጥንድ

የኬሚስትሪ መምህር ጠመኔ አንሥቶ በሁለት የሃይድሮጂን ምልክቶች መካከል ሁለት ነጥብ ሲጥል የሚጠቀመው በጊልበርት ኒውተን ሉዊስ አጻጻፍ ነው። ሉዊስ በ1875 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ተወለደ። በ1899 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ከተቀበለ በኋላ ወደ ጀርመን ተሻግሮ በኦስትዋልድና በኔርንስት ዘንድ ተምሮ ተመለሰ።

በ1902 ለተማሪዎቹ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ለማስረዳት፣ ኤሌክትሮኖች በስምንቱ ማዕዘኖቹ የተቀመጡበትን ኩብ በወረቀት ነደፈ። ሶዲየም በውጭ ያለውን አንድ ኤሌክትሮን ሲለቅ ክሎሪን ተቀብሎ ስምንቱን ይሞላል፤ አንዱ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ሙል ይዘው ይሳሳባሉ፤ የገበታ ጨውም ይሆናል። አዮናዊ ትስስር ይህ ነው። ነገር ግን ሁለት ሃይድሮጂኖች ሲጣመሩ ማንን ሰጪ፣ ማንን ተቀባይ ማለት ይቻላል? ሁለቱም እኩል ናቸውና ንድፉ መልስ አጣ፤ ሳይታተምም አሥራ አራት ዓመት ቆየ።

ሉዊስ በ1912 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሊ፣ የኬሚስትሪ ኮሌጅ ዲን ሆነ። በ1913 ባሳተመው ጽሑፍ ብረታዊውን ትስስር ሦስተኛ ዓይነት አድርጎ ጨመረ፤ በዚህ ትስስር ኤሌክትሮኖች ከሞለኪውሉ ውጭ ሳይቀር በነፃ ይዘዋወራሉ። የመዳብ ሽቦ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈውም በነዚሁ ነፃ ኤሌክትሮኖች ነው።

ዋናው መልስ በ1916 መጣ። ሁለቱ አቶሞች አንድ የኤሌክትሮን ጥንድ በጋራ ይይዛሉ፤ ጥንዱም ለአንዱም ለሌላውም ይቆጠራል። በውሃ ውስጥ ኦክሲጅን ከሁለት ሃይድሮጂኖች ጋር ሁለት ጥንድ ተጋርቶ ስምንቱን ይሞላል። እርስ በርስ የሚገፋፉ ኤሌክትሮኖች ስለምን ተጣምረው እንደሚቀመጡ ግን ሉዊስ በጊዜው ሊያስረዳ አልቻለም፤ ያን ማስረዳት የጀመረው በ1927 የኳንተም መካኒክ ነው። ቢሆንም ኬሚስቶች ነጥቦቹን አልጣሏቸውም።

ሐሳቡን በየጉባኤው ያሰራጨው ኢርቪንግ ላንግሚውር ነበር፤ ኮቫለንት የሚለውንም ስም በ1919 ያወጣው እርሱ ነው። በዚህም የተነሣ ሁለቱ ሰዎች ተቀያየሙ። ላንግሚውር በ1932 ስለ ገጽ ኬሚስትሪ ሥራው የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በ1934 ደግሞ የሉዊስ የቀድሞ ተማሪ ሃሮልድ ዩሪ ከባድ ሃይድሮጂንን በማግኘቱ ተሸለመ። በ1933 ከባድ ውሃን አጣርቶ ያወጣው መምህሩ ግን ከአርባ ጊዜ በላይ ታጭቶ ሳይሸለም ቀረ፤ ሸላሚዎቹ ተሳስተዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማርች 23 ቀን 1946፣ በሰባ ዓመቱ፣ በበርክሊ ቤተ ሙከራው ሥራ ላይ እንዳለ ሞቶ ተገኘ።