ቪክቶር ካፕላንና የአረፋው ጣጣ

ሐኪም ስለ ውሃ ተርባይን ምን አገባት የምትሉ አትጠፉም፤ በተለይ የኢንጂነሪንግ ልጆች። ያገባኛል። የኩላሊት ጠጠር በሾክ ዌቭ ሲሰበር ከሚያግዙት ነገሮች አንዱ፣ ፈሳሹ ውስጥ ተፈጥረው ወዲያው የሚደረመሱ ጥቃቅን አረፋዎች ናቸው። እኛን የሚያግዘን ይኸው አረፋ ነው የካፕላንን የዕድሜ ልክ ሥራ ገደል ሊከት የነበረው።

ፕሮፌሰር ቪክቶር ካፕላን በ1876 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ኦስትሪያ ውስጥ ሙርትሱሽላግ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ቪየና ተምረው በ1903 ብርኖ ወደሚገኘው የጀርመንኛ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያን ጊዜ የነበረው የፍራንሲስ ተርባይን ከፍ ካለ ቦታ ለሚወርድ ውሃ ጥሩ ነው፤ ዝቅ ብሎ በሰፊው ለሚፈስ ወንዝ ግን አይመችም። ካፕላን የመርከብ ማሽከርከሪያ የሚመስል፣ ክንፎቹ እንደ ውሃው መጠን የሚዞሩ ተርባይን አሰቡ። ፓተንቱን በ1913 አካባቢ አስመዘገቡ፤ ተፎካካሪ ኩባንያዎች ግን መብቱን እየተከራከሩ አሰለቿቸው። ጦርነቱም መሀል ገባ። በ1919 የብርኖው ስቶሬክ ፋብሪካ የሠራት የመጀመሪያዋ ተርባይን ቬልም ላይ ተተከለች፤ ጉልበቷ 26 ኪሎዋት ብቻ ነበር።

ትንሿ ሠራች፤ ትልልቆቹ ላይ ነው ጣጣው የመጣው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ወይም 93 ላይ እንደሚፈላ ሁላችንም እናውቃለን፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ነው። ተርባይን ውስጥም ውሃው በክንፉ ጀርባ በፍጥነት ሲያልፍ ግፊቱ በጣም ይወርድና፣ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይፈላል። አረፋው ግፊት ወዳለበት ሲደርስ ይደረመሳል፤ ብረቱን እየደጋገመ ይመታዋል። ካቪቴሽን የሚሉት ይህንን ነው። ብረቱ ውሎ አድሮ ብል እንደበላው እንጨት ይቦረቦራል፤ ተርባይኑ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። የሚገርመው፣ ችግሩን ያመጣው የፈጠራው ዋና ጥቅም፣ ፍጥነቱ፣ መሆኑ ነው።

ካፕላን በዚሁ ጭንቅ መሀል በ1922 ጠና ብለው ታመሙ። ጭንቀቱ ነው ያሳመማቸው ብዬ ምርመራ አልጽፍም፤ በሽተኛውን ሳያዩ እንዲህ አይባልም። ግን ሰውየው አልጋ ላይ ሳሉ ሥራቸው በሌሎች እጅ ላይ ነበር። መፍትሔውም ከሌሎች መጣ፤ የክንፉን ቅርጽ ማስተካከል፣ ተርባይኑን ከታችኛው ውሃ አንጻር ዝቅ አድርጎ መትከል፣ የተሻለ ብረት መጠቀም። በ1920ዎቹ አጋማሽ ስዊድኖች ሊላ ኤዴት ላይ ስፋቱ 5.8 ሜትር፣ ጉልበቱ ከ11,000 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ የካፕላን ተርባይን ተክለው ሲያሠሩት፣ ክርክሩ አበቃ።

ካፕላን በ1931 ጡረታ ወጡ፤ በነሐሴ 1934 በስትሮክ ሞቱ። ገና 57 ዓመታቸው ነበር። የቬልሟ ተርባይን ግን እስከ 1955 ሠርታለች፤ አሁን ቪየና፣ የቴክኒክ ሙዚየሙ ውስጥ ናት።